ጋሼ ጥበቃ የሚነቅሉት ሶኬት

ሰኞ፣ መጋቢት 2

መብራት ሄዶ መጣ። ሰርቨሩ ተነሳ፣ ኔትወርኩ ግን የለም። ስንተኛ ጊዜው ነው? የክሊኒኩ ኮሪደር በበሽተኛ ተሞልቷል፣ ካርድ ክፍል አንድም ፋይል አይከፈትም። እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ትእዛዝ እጽፋለሁ… ጋሼ ጥበቃ ከበሩ መጡ። «እስቲ ዞር በይ ልጄ» ብለው ሶኬቱን ነቀሉ፣ አስር ቆጠሩ፣ ሰኩት። ሰራ!

የካርድ ክፍሏ ሴትዮ (ሁላችንም እትዬ ካርድ ነው የምንላቸው) አጨበጨቡ። «እጃቸው መድኃኒት ነው!»

እርር ድብን አልኩ። ለካ አራት ዓመት ኮምፒውተር የተማርኩት ሶኬት ለመንቀል ኖሯል። ኮንትራቴ በ30 ያልቃል። እማዬ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ቋሚ ሆነች» ብላ አውርታ ጨርሳለች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ሲሰራ ዋለ። እኔም ጋሼም ምንም አልነካንም። ምስጋናው ለጋሼ ሆነ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ሌሊት መብራት ሄዶ ኖሮ ጠዋት እንደገና ኔትወርክ የለም። ዛሬስ ቀደምኳቸው! ችግሩንም አገኘሁት። ሰርቨሩ ሁለት የኔትወርክ ካርድ አለው፤ አንዱ ወደ ክሊኒኩ ክፍሎች፣ አንዱ ወደ ኢንተርኔት። ሁለተኛውን ባለፈው ወር የጨመርኩት እኔው ነኝ። ሊኑክሱ (ሰርቨሩን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) አንዱን «ዜሮ»፣ ሌላውን «አንድ» ብሎ ይጠራዋል። የሰርቨሩ ቅንብር ፋይል ላይ የክፍሎቹ ካርድ «ዜሮ» ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ዛሬ ግን ስሙ «አንድ» ሆኖ አገኘሁት። እንዴት? እኔ እንጃ። ፋይሉ ላይ ስሞቹን አለዋወጥኩና ሰራ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ እስኪጠይቁኝ ጠበቅኩ። ማን ሊጠይቀኝ…

ከሰዓት መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ኔትወርኩ እንደገና ጠፋ። ጋሼ ነቀሉ፣ አልሰራም። ደገሙት፣ ሰራ። ሥራ አስኪያጁ አየኝ አየኝና፣ «አንቺ ስትነኪው ነው መሰለኝ የሚበላሸው። ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ በሌሉበት እንዳትነኪው» አለኝ። በቁጥጥር ስር ዋልኩ ማለት ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ሰርቨር ክፍሉ ቁም ሳጥን ቢያክል ነው። እኔ እሠራለሁ፣ ጋሼ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል።

«ልጄ፣ ሐሙስ ነክተሽዋል አይደል?»

ክው አልኩ። «በምን አወቁ?»

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ግን ከኋላው ሁለት መብራት አለ። የግራዋ ቀድማ ስትበራ ይሰራል፤ የቀኟ ከቀደመች ዳግም እነቅላለሁ። ከሐሙስ ወዲህ ተገለበጠብኝ።»

መብራቶቹ የሁለቱ ካርዶች ናቸው። ማሽኑ ሲነሳ ሁለቱ ካርዶች ይሽቀዳደማሉ፤ ቀድሞ የነቃው «ዜሮ» የሚለውን ስም ይወስዳል! የጋሼ ተአምር ዕጣ ነበር፤ ዕጣው እስኪወጣላቸው ነው የሚነቅሉት። የእኔ ጥገናስ ከዚያ በምን ይሻላል? እኔ ስሙን እገለብጣለሁ፣ ማሽኑ ሲነሳ መልሶ ይገለብጠዋል…

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

እያንዳንዱ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ የራሱ ቁጥር አለው። ስሙን ከቁጥሩ ጋር አሰርኩት፤ ከእንግዲህ የትኛውም ቀድሞ ቢነቃ ስሙ ያው ነው። ስም ያወጡት ጋሼ ናቸው። ወደ ክፍሎቹ የሚሄደው «ቤት»፣ ወደ ኢንተርኔት የሚሄደው «ደጅ»። ገመዶቹም ላይ ጽፌ ለጠፍኩ። አስር ጊዜ አጥፍተን አስነሳነው። (በደንቡ ዘግተን! መንቀል ቀረ አልኳቸው፤ ቅር አላቸው።) አንዴ የግራዋ ቀደመች፣ አንዴ የቀኟ። አስሩንም ጊዜ ሰራ።

አርብ፣ መጋቢት 20

ምንም አልተበላሸም። ስለዚህ ማንም ምንም አላለኝም። እትዬ ካርድ ብቻ፦ «ጋሼ ምን ቢያደርጉት ነው እንዲህ አደብ የገዛው?»

አርብ፣ መጋቢት 27

ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። «ሰርቨሩ ደህና ሆነ አይደል?»

«አዎ!» አልኩ ሞኟ፣ ጥርሴን ገልጬ።

«እንግዲያ ኮንትራቱን ማራዘሙ ምን ያደርጋል?»

በገዛ እጄ… እማዬን ምን ልበላት? ለጋሼ ነገርኳቸው። ሰሙኝና በሩን ሊከፍቱ ሄዱ።

ሰኞ፣ መጋቢት 30

ጠዋት፣ ገና በሽተኛ ሳይገባ፣ ኔትወርክ የለም። ሥራ አስኪያጁ በሩጫ ጋሼን ጠራ። ጋሼ ገቡ፣ ወጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ሁሉ እየሰማ፦ «ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ያን ጊዜም ያዳነችው እሷ ናት። እሷን ጥሩ።»

ገባሁ። «ቤት» የሚል የተለጠፈበት ገመድ ተነቅሎ፣ ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ሰርቨሩ አናት ላይ ተጋድሟል። በሩን ዘጋሁ። ሰካሁት። አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ ቆምኩ፤ ቶሎ ብወጣ ማን ያምነኛል?

ጭብጨባ። «እጇ መድኃኒት ነው!» አሉ እትዬ ካርድ። ከሰዓት የአንድ ዓመት ኮንትራት ፈረምኩ።

ስወጣ ጋሼን በር ላይ አገኘኋቸው። እንባዬ መጣ። «ጋሼ፣ ምነው ለእኔ ብለው…»

«ልጄ፣ እስከ ዛሬ ነቅዬ እኔው እሰካ ነበር። ዛሬ መንቀሉን ብቻ ነው የሠራሁት» ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

ኮንትራቱን እቤት ገብቼ አነበብኩት። የሥራ መደብ፦ ረዳት ቴክኒሻን። የማን ረዳት እንደሆንኩ አይልም። እኔ ግን አውቃለሁ።