የጠዋት መንተባተብ

ጥቅምት 4
ዛሬ ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። ልብስ ላጥብ ላውንድሪ ወረድኩ፣ ሽሮ ሠራሁ፣ የኪራኮስን ጺም ላጨሁ። ባሌ ከሆስፒታል ከወጣ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ስትሮኩ ቀኝ እጁን ትንሽ፣ አፉን ግን ብዙ ጎዳው። የሚባለው ሁሉ ይገባዋል… መልሱ አይወጣለትም እንጂ። ያ ታክሲውን አቁሞ ወሬ የሚጨርስ ሰውዬ! ሒሳብ ከፍለው እንኳ ወሬው እስኪያልቅ የማይወርዱ ተሳፋሪዎች ነበሩ ይሉኛል።

ንግግር የምታለማምደው ስፒች ቴራፒስት ዕቃ እያሳየሁ ስሙን እንዳስጠራው ነግራኛለች። ማታ ላይ "ማንኪያ" አለ። አጥርቶ! ዘልዬ ሳምኩት።

ጥቅምት 5
ጠዋት ማንኪያውን አነሣሁለት። "ማ… ጫ… ማጫ…" ጠፋ። ትላንት ያለውን! ሻወር ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ምን አባቴ ላድርግ?

ጥቅምት 9
ጠያቂ እንደ ጉድ ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ፣ እሺ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ባዩሽና የማኅበራችን ሴቶች ሲወጡ ሌሎቹ ይገባሉ። መጨረሻ ላይ የኪራኮስ የልብ ጓደኛ ልዑልሰገድ ከሥራ በኋላ ከውድብሪጅ ይመጣል። ያን ሁሉ ትራፊክ አልፎ እኛ ዘንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የደረሰን ሰው እንዴት "ተኝቷል" ይሉታል? እንደ ሁልጊዜው ኪራኮስን ቀሰቀስኩት። ዓይኑ እየተከደነ ተቀመጠላቸው።

"አናግረን እንጂ!" ይሉታል። ላብ በላብ ይሆናል። ልዑልሰገድ ደግሞ ጮክ ብሎ ነው የሚያናግረው… ጆሮው ምን ሆነና?
ሲወጣ "አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለኝ።
ይሄዳል… ከታቀፉት፣ አልኩ በሆዴ።

ጥቅምት 16
ትርሲት መጣች። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ ወፎችን ነው የምታጠናው። አባቷ "የወፍ ሐኪም" እያለ ነበር የሚያበሽቃት። የጠዋቱን ነገር ስነግራት ሹካዋን አስቀመጠች።
"ማሚ፣ ጠዋት ብቻ ነው የሚጠፋበት? በኋላ ይመለሳል?"
አሰብኩ። ረፋድ ላይ ይመለሳል። እውነቷን ነው! ጠዋት ደንግጬ የቀኑን ልብ አላልኩትም።

ከዚያ ስለ ወፎቹ አወራችኝ። ድንቢጥ የሚያክሉ ናቸው። ጫጩቱ ዜማውን ከአባቱ ሰምቶ ይማራል። ቀኑን ሲለማመድ ይውልና ያሳምረዋል፤ አድሮ ሲነሣ ተበላሽቶ ያገኘዋል። ይንተባተባል። ጠዋት ትንሽ ሲለማመድ ደግሞ ይስተካከልለታል።
"የሚገርምሽ፣ ጠዋት ጠዋት በጣም የሚበላሽባቸው ናቸው መጨረሻ ላይ አባታቸውን በደንብ የሚመስሉት።"
"እንዴት ሆኖ?"
"ተኝተውም አንጎላቸው ዜማውን ይደጋግመዋል። እያፈረሰ የሚሠራው ይመስለናል።"
"እና አባትሽም…"
"አላውቅም ማሚ። ዳዲ ወፍ አይደለም፣ ስትሮክም ሌላ ነገር ነው። ግን እንቅልፍ ያስፈልገዋል። መቼ ነው የሚተኛው?"

እኔው አይደለሁ የምቀሰቅሰው!

ጥቅምት 17
ለጠያቂዎቹ ልደውል ብዬ ስልኩን አንሥቼ መለስኩት። ምን ልል? አትምጡ? የታመመ ሰው ቤት በር ይዘጋል? ነውር ነው። ሰው ምን ይለኛል…

ጥቅምት 19
ባዩሽ ኮል አደረገችኝ፣ ማታ ሴቶቹን ይዛ ልትመጣ።
"ማታ በጊዜ እያስተኛሁት ነው። ቅዳሜ ረፋድ ብትመጡስ?"
አልኳት እንደምንም።
"እሺ… እንደ ፈረንጅ በቀጠሮ ሆነ በይኛ።"
ስልኩን ዘግቼ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። የተናደድኩት በእሷ ይሁን በራሴ እንጃ።

ጥቅምት 21
ልዑልሰገድ ሳይደውል መጣ። ብርቱካን ይዟል።
"ተኝቷል" አልኩት በሩ ላይ ቆሜ።
"ቀስቅሺዋ!"
"አልቀሰቅስም።"
አየኝ። ብርቱካኑን አቀበለኝና ተመለሰ።
እሱና ኪራኮስ በደርግ ጊዜ ድንበሩን አብረው የተሻገሩ፣ ሱዳን አንድ ሰሌን ላይ የተኙ ሰዎች ናቸው። ወንድም አይባል ምን ይባላል? በሩን ስዘጋ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ጥቅምት 24
ልዑልሰገድ ስልኬን አያነሣም።

ጥቅምት 29
ጠዋት አሁንም ይንተባተባል። እኔ ግን ዕቃ አላነሣበትም። ሻይ ሰጥቼው ዝም። ዛሬ ረፋድ ላይ ብርጭቆውን እያየ "ሻይ… ቀዘቀዘ" አለኝ።
ሁለት ቃል! ደግሞ ወቀሳ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከሰዓት ልጆች የምጠብቅበት ዴይ ኬር ገብቼ ላገኘሁት ሁሉ ሳወራ አመሸሁ። የፈረንጆቹ እናቶች ስለ ሻይ ምን እንደምለፈልፍ ግራ ገባቸው።

ኅዳር 5
ትርሲት ቤቱ ጸጥ ማለቱን ወደደችው። "ግን ማሚ፣ ባይተኛም ይሻለው ነበር ይሆናል። በአንድ ሰው ምንም ማለት አይቻልም።"
"ለኔስ ያለኝ አንድ አይደል?" አልኳት።

ቤቱ ጸጥ ሲል ግን ይከብዳል። ኪራኮስ በሩን ያያል… ማንን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ።

ኅዳር 16
ታንክስጊቪንግ፣ የፈረንጆቹ የምስጋና ቀን። ጾም ትላንት ስለገባ የበዓሉ የቱርክ ዶሮ የለም። ምስርና ጎመን ሠራሁ። ትርሲት ለካ ለልዑልሰገድ ደውላ ለምናዋለች። ከምሳ በፊት በሩ ተንኳኳ።
"በቀጠሮ ነው የመጣሁት" አለኝ፣ ሳቅ ሳይል። ገባ። ይቅር በለኝ በማለት ፈንታ ቶሎ ብዬ ምግብ አቀረብኩ።

ዛሬ አልጮኸም፣ አናግረኝም አላለም። ዝም ብሎ የሱዳኑን ጊዜ ተረከ። ኪራኮስ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። በልተን ስንጨርስ የኪራኮስ ዓይን መክበድ ጀመረ። አየሁት። ከምሳ በኋላ የሚተኛበት ሰዓት ነው። ግን ይሄን ሰው ሁለተኛ ላባርረው? ብሞት አላደርገውም! አንገቴን ደፍቼ ሳህን ማንሣት ያዝኩ።

ኪራኮስ ግራ እጁን የጓደኛው ጉልበት ላይ አሳረፈ።
"ልዑል… ልዑልሰገድ። በቃ… ሂድ። እንቅልፌ… መጣ። ነገ ና።"

ትርሲት አፏን ያዘች። ልዑልሰገድ ኮቱን ግማሽ ለብሶ ግማሹን እየጎተተ ተነሣ፣ እንባው እየወረደ።
"አባረረኝ! ሰማችሁ? በስሜ ጠርቶ አባረረኝ!" እያለ ኮሪደሩን በሳቅ አናጋው። በሩ ላይ እኔንም አቅፎኝ ነው የሄደ።

ኪራኮስ ተኝቷል። ነገ ጠዋት ሁሉም ይጠፋበት ይሆናል።
ይጥፋበት።