የፖስተኛዋ ፊት

ሄልሲንኪ፣ እሑድ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1998

ውድ እህቴ ራይሊ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ በርቲል ደህና ነው? ጎተንበርግም እንደዚህ አገር ዝናቡ አላባራ ብሎ ይሆናል።

ከገና ካርድ በቀር ደብዳቤ ከጻፍኩልሽ ስምንት ዓመት ሊሆን ነው፤ እናታችንን ከቀበርን ወዲህ ማለቴ ነው። ፖስታውን ስታዪ ሰው የሞተ ይመስልሽና ትደነግጪ ይሆናል። ሰው ሞቷል። ግን አንቺ የምታስቢያቸው አይደሉም። ተቀመጪና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው ጤና ነው። አሁንም የምሠራው ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው፤ ቱኦቪም እዚያው አብራኝ አለች። ቱኦቪን አትረሻትም፤ በእናታችን ቀብር ላይ ቄሱን ያሳቀችው ወፍራሟ ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት ሁለታችንም ዕረፍት ወጣን።

«ታሊን እንሂድ» አለችኝ። «ሁለት ቀን ብቻ። ዓሣችንን በልተን፣ የሱፍ ክር ገዝተን እንመለሳለን።»

«እዚያ ምን አለ?» አልኳት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የጎረቤትሽን ደጅ ሳትረግጪ ልትሞቺ ነው?»

እውነቷን ነው። ባሕሩን መሻገር ከሦስት ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ ግን ሄጄ አላውቅም። አባታችን መርከበኛ ነበርና ያላወራልን ወደብ የለም። ስለ ታሊን ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ያኔ የተዘጋ አገር ስለነበር ምንም አልመሰለኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ተሳፈርን። ጉሙ ባሕሩ ላይ ተኝቶ ስለነበር መርከቧ የምትሄድ ሳይሆን ባለችበት የቆመች ትመስል ነበር። ቱኦቪ ሰማያዊ ቦርሳዋን ታቅፋ ስትስቅብኝ ነበር። «ይኼ ግራጫ ካፖርትሽ ከጉሙ ጋር አንድ ሆኗል። አረንጓዴው ሻርፕሽ ባይኖር ባሕር ገባች ብዬ እጮህ ነበር» ትለኛለች። ካፖርቱንም ሻርፑንም የገዛሁት ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት ነው። ይህን ልብ በይልኝ።

ሻንጣችንን ማረፊያ ቤት አስቀምጠን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ገበያ ወጣን። አንዲት አሮጊት እንጉዳይ ትሸጣለች። በእነሱ ቋንቋ ሰላም አልኳት፤ ያን ያህሉን እችላለሁ። ቀና ሳትል ከረጢት አንስታ ትንንሾቹን ትመርጥልኝ ጀመር።

«እንደ ሁልጊዜው፣ ከላይ ከላዩ» አለች።

ቋንቋቸው የእኛው የአጎት ልጅ ነው። ግማሹ ይገባሻል፤ ግማሹ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ሲያወራ የምትሰሚ ያስመስልሻል። በደንብ ያልሰማሁ መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። እጇ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሦስት ጊዜ አማተበች፣ ከረጢቱን እጄ ላይ አስቀመጠችና ፊቷን አዞረች። ቦርሳዬን ስከፍት ሳታየኝ በእጇ «ሂጂ፣ ሂጂ» አለችኝ።

«ከሰው ተመሳስለሽባት ነው» አለች ቱኦቪ። «አትዘኚ፤ ያንቺ ዓይነት ፊት በየገበያው ሞልቷል።»

ሳቅን። ከገበያው ጀርባ የድሮ የእንጨት ቤቶች ሰፈር አለ፤ ዝም ብለን ወደዚያ ገባን። ቅጠሉ ረግፎ መንገዱን ሸፍኖታል። አንድ ሽማግሌ ደጁን ሲጠርግ አገኘነው። ሲያየኝ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ባርኔጣውን አወለቀና እስካልፍ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። በሬሳ ሳጥን ፊት እንደሚቆም ሰው። አንዲት ሴት መስኮቷን ከፍታ ምንጣፍ ስታራግፍ ነበር፤ አየችኝና መስኮቱን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ቱኦቪ መሳቋን ተወች።

«ሄልቪ፣ እንመለስ?» አለችኝ።

ልመልስላት ስል ከአንድ ጥግ አንድ ያረጀ ቡናማ ውሻ ተነስቶ መጣ። አልጮኸም። በግራዬ በኩል ሆኖ፣ ዘመኑን ሁሉ ከእኔ ጋር እንደኖረ፣ ከእርምጃዬ እኩል መራመድ ጀመረ። ስቆም ይቆማል፤ ስሄድ ይሄዳል። ዝቅ ብዬ እጄን ሰጠሁት። አሸተተኝ፤ ደግሞ አሸተተኝ። ከዚያ ጆሮውን አስተኝቶ ወደ ኋላ ሸሸና ልክ እንደ ሰው አለቀሰ። ሌላ ቃል የለኝም፤ አለቀሰ። እንደገና ቀድሞኝ ሄዶ አንድ ቢጫ ቀለሙ የተላላጠ አጥር ጋ ቆመና ዞሮ ጠበቀኝ።

ራይሊ፣ የአጥሩን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደከፈትኩት አትጠይቂኝ። መቀርቀሪያው ከእንጨት የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ላይ አንስተሽ፣ ከዚያ ወደ ራስሽ ስበሽ፣ ከዚያ ነው የምትገፊው። እጄ ሳላስበው እንዲያ አደረገው።

«ከዚህ በፊት መጥተሽ ታውቂያለሽ እንዴ?» አለች ቱኦቪ።

«አላውቅም» አልኳት። ልክ እንደ ኮትካው የልጅነት ቤታችን በር መሆኑን ያወቅሁት በዚያች ቅጽበት ነው። አባታችን በእጁ የሠራው፣ ጎረቤት ሁሉ መክፈት የሚያቅተው መቀርቀሪያ።

ከታችኛው ቤት አንዲት የሰባ አምስት ዓመት ገደማ አሮጊት ወጣች፤ ሳልሜ ትባላለች። አየችኝና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፣ አልሸሸችም።

«ሌይዳ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ለምን ተመለስሽ? ምን ጎደለሽ?»

ቱኦቪ ከፊቴ ገባች። «እማማ፣ ይህቺ ሄልቪ ናት። ከሄልሲንኪ ነው የመጣነው። መንገድ ስተን ነው፤ ይቅርታ።»

አሮጊቷ ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። ከዚያ በእኛ ቋንቋ ተናገረች፤ የእኛን ቴሌቪዥን እያዩ ስለኖሩ ብዙዎቹ ይችላሉ። «ሌይዳን አጥቤ፣ አልብሼ የቀበርኳት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንቷ ነው። ቢሆንም ዓይን ሞኝ ነው። አባትሽ ማን ይባላል?»

«ታውኖ። መርከበኛ ነበር፤ ሞቷል።»

«የኮትካው?»

«የኮትካው።»

«ግቡ» አለች። «ሾርባ አለ።»

የአተር ሾርባ ነበር፤ ከጥቁር ዳቦ ጋር። የበላሁትን ግን አላስታውስም። ሳልሜ የነገረችን ይህን ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1943 ክረምት፣ የአባታችን መርከብ ለጥገና እዚያ ወደብ ገብታ በረዶው ያዛት። በላይኛው ቤት ትኖር የነበረች አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። አባታችን ወራቱን እዚያ አሳለፈ፤ በሩንም ሠራላት። በረዶው ሲቀልጥ ሄደ። ሌይዳ የተወለደችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። አንቺ ያኔ በአንቀልባ ነበርሽ፤ እኔ ገና አልተወለድኩም።

የሌይዳን ፎቶ አሳየችን። ምን ልበልሽ፣ የራሴ ፎቶ ነው። የፖስተኛ ቆብ አድርጌ፣ የማላውቀው ደጅ ላይ ቆሜ። ሌይዳ ከሠላሳ ዓመት በላይ የዚያ ሰፈር ፖስተኛ ነበረች። ፊቷን የማያውቅ ቤት የለም። የመንገዱ ሁሉ ነገር ያኔ ገባኝና ትንሽ ቀለል አለኝ። ግን ሳልሜ አልጨረሰችም ነበር።

«መርከቦቹ መመላለስ ከጀመሩ ወዲህ» አለች «ሥራዋን ስትጨርስ ወደብ እየሄደች ከሄልሲንኪ የሚወርደውን ሰው ፊት ታይ ነበር። ክረምት ከበጋ። ‹እኔን የምትመስል አንዲት ሰው አትጠፋም› ትለኝ ነበር። ከመሞቷ በፊት በነበረው ሳምንት ግን ደስ ብሏት ተመለሰች። ‹ሳልሜ፣ ዛሬ አየኋት› አለችኝ።»

«ማንን?» አለች ቱኦቪ።

ሳልሜ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እንዲህ ነው ያለችኝ፦ ‹ግራጫ ካፖርት ለብሳለች፣ አንገቷ ላይ አረንጓዴ ሻርፕ አለ። ሰማያዊ ቦርሳ የያዘች ወፍራም ሳቂታ ጓደኛ አለቻት።› ‹ታዲያ ምነው አላናገርሻት?› አልኳት። ‹አላስቸኩላትም፤ መንገዱን ስታገኘው ራሷ ትመጣለች። ብቻ በሩን አትቆልፉት› አለች። በአራተኛው ቀን ልቧ ቆመ።»

ካፖርቴ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። ሌይዳ ያን በተናገረች ጊዜ ካፖርቱ ገና ሱቅ ውስጥ ነበር፤ እኔም ታሊን ለመሄድ አላሰብኩም፤ ቱኦቪም አላነሳችውም። ቱኦቪን አየኋት። ሃያ ዓመት አውቃታለሁ፤ ቀልድ ስታጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰማያዊ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አውርዳ በእግሯ ከጠረጴዛው ሥር ገፋችው።

አሁን ይህን ደብዳቤ የጻፍኩበት ጉዳይ ላይ ደርሻለሁ። ሁለት ቀን ብዕሬን ሳነሳና ሳስቀምጥ የቆየሁትም ለዚህ ነው።

ሳልሜ ወደ ላይኛው ቤት ወጥታ አንድ ፖስታ ይዛ መጣች። ሌይዳ በአሥራ ሰባት ዓመቷ እናቷ ሞተችባት። በዓመቱ የአባቷን አድራሻ ፈልጋ ኮትካ ድረስ ጻፈች፤ ፎቶዋንም ጨመረችበት። መልስ መጣላት፤ አንድ ብቻ። የመጣውም በ1962፣ በመኸር ነው። ከተጣጠፈው ብዛት ወረቀቱ መታጠፊያው ላይ ተበስቷል። ሦስት መስመር ናት፦ «ሁለተኛ እዚህ እንዳትጽፊ። እናታችን ታማለች። እዚህ የሚጠብቅሽ ሰው የለም።» ስም የለበትም።

ራይሊ፣ የእጅ ጽሑፍሽን አውቀዋለሁ። ማንበብ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

በዚያው መኸር ነው ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ስዊድን የሄድሽው። አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ከአባታችን ጋር ለምን እንደማትነጋገሪ፣ ገና ሲመጣ ለምን እንደማትመጪ፣ በቀብሩ ላይ ለምን ከኋላ እንደቆምሽ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ምክንያቱን ስፈልግ ኖሬያለሁ። እኔን የጠላሽኝ ይመስለኝ ነበር። ፊቴን ስታዪ ለምን ፊትሽን እንደምታዞሪ አሁን ገባኝ። ያንን ፎቶ አይተሽው ነበርና።

እናታችን አስጽፋሽ እንደሆነ፣ ወይስ ከእሷ ለመሸሸግ ብቻሽን ያደረግሽው እንደሆነ አልጠይቅሽም። አባታችን የሌይዳን ደብዳቤ ሳያነበው ሞተ፤ ያም አለፈ። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንቺ ስትሄጂ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ። ባሕሩ ማዶ ሌላ እህት እንደነበረችኝ ያኔ ብሰማ ኖሮ እላለሁ። በቃ፣ ይህንን አልኩ፤ ከእንግዲህ አልደግመውም።

በማግስቱ ሳልሜ መቃብሯ ጋ ወሰደችን። ጥድ መሐል ነው፤ ድንጋይ ገና አልተተከለም፤ አሸዋው በመጥረጊያ ተበጥሯል። ውሻው ተከትሎን መጥቶ ነበር። አሁን መቃብሩን፣ አሁን እኔን እያየ መሐል ላይ ተቀመጠ፤ ከማን ጋር እንደሚሄድ እንደቸገረው። ስንነሳ ከሳልሜ ጋር ቀረ። ስንመለስ መርከቡ ላይ ቱኦቪ «ሄልቪ፣ ስንመጣ ወደቡ ላይ ስንወርድ የሆነ ሰው ሲያየን የነበረ አልመሰለሽም?» አለችኝ። «መስሎኝ ነበር» አልኳት።

የሙታን መታሰቢያ ዕለት ሻማ ላበራላት እሄዳለሁ። ቱኦቪ «ይኼንን ቦርሳ ይዤ ድርሽ አልልም» ብላ ሌላ ገዝታለች፤ እሷም ትመጣለች። ከስቶክሆልምም መርከብ አለ። ነይ ብዬ አላስገድድሽም። ግን ሳልሜ የነገረችኝን አንድ ነገር ሳልነግርሽ ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል።

ሳልሜ በዚያ ደብዳቤ ተናዳ «እንዲህ ያለች ጨካኝ» ስትል ሌይዳ አልተቀበለቻትም ነበር። ያኔ ገና ፖስታ ቤት መቀጠሯ ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አንስታ «ሳልሜ፣ ቀለሙን እዪው፤ ሦስት ቦታ ላይ ፈሷል፤ ፊደሎቹም ይንቀጠቀጣሉ» አለቻት። «ይህን የጻፈችው ልጅ እያለቀሰች ነው። እኔ አልቀየምኳትም።»

እያለቀስሽ እንደጻፍሽው አውቃ ነው የሞተችው፣ እህቴ።

በርቲልን ሳሚልኝ። ብርዱ ሳይጠና ደረትሽን ሸፍነሽ ውጪ። እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ፤ እኔንም እንዳይሽ ያብቃኝ።

እህትሽ
ሄልቪ