ጋሼ ኑረዲን ከቀኝ የቆጠሩት ዲስክ

ለውድ እህቴ ለእታለም ሳቢራ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? የደሴ ብርድ ልጆቹን አላሳለብሽም? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ አካሌን ማለቴ ነው። ሆዴ ግን በንዴት እንደተቃጠለ ነው። እዚህ ማንም ላይ መጮህ ስላልቻልኩ አንቺው ቻይኝ።

የአባባን መንዙማ ከካሴት ስለገለበጥኩበት የኮምፒውተር ማከማቻ ሣጥን ነግሬሻለሁ፤ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ማኅበራችን ቢሮ ስላለው። ካሴቶቹን እርጥበት ከበላቸው ወዲህ የአባባ ድምፅ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ውስጡ አራት ዲስኮች ተጋግዘው ይሠራሉ። አንዱ ቢሞት ሦስቱ ይሸፍኑለታል፤ ሁለት ከሞቱ ግን አለቀ። ባለፈው ከግራ ሁለተኛው ማቃሰት ጀመረ። ለሊቀመንበራችን ለጋሼ ኑረዲን ኮል አድርጌ፣ ሁለተኛው ዲስክ ታሟል፣ ከሥራ ስወጣ መጥቼ አወጣዋለሁ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው አልኳቸው።

ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ልጁ ግሮቭ ሲቲ ዌርሃውስ ዕቃ ሲሸከም ውሎ ለዚህም ይምጣ ብለው አዘኑልኝ! ሁሉን በቀኝ መጀመር ልማዳቸው ነውና ቢስሚላህ ብለው ከቀኝ ቆጠሩና ሁለተኛውን መዥርጠው አወጡት። ጤነኛውን! እየሠራ እያለ! ስደርስ ሣጥኑ ይጮሃል፤ የአባባ ድምፅ በዚያ በሚያቃስተው ዲስክ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጋሼ ደግሞ ፈገግ ብለው "ገላገልኩህ" ይሉኛል።

ደሜ ፈላ። ኧረ ተይኝ እታለሜ! ልናገር አፌን ስከፍት ጸሐፊያችን አንዋር ክንዴን ይዞ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ለደግ ብለው ነው፣ ተው አለኝ። ለደግ! ቢጠፋ ኖሮ ደግነታቸው የአባባን ድምፅ ሊመልስልኝ ነው? አትንኩ ሲባሉ አለመንካት ይህን ያህል ይከብዳል?

ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ከሁሉ በፊት የአባባን ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ። ከዚያ ጤነኛውን ቦታው መልሼ ከሦስቱ ቀድቶ እስኪያገግም ጠበቅሁ። የታመመውንም ዝም ብዬ አልመዘዝኩትም፤ መጀመሪያ በኮምፒውተሩ ኦፍላይን አድርጌ ከሥራ አስወጣሁት፣ የብልሽት መብራቱ የትኛው ላይ እንደበራ አይቼ ያንኑ አወጣሁት። ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም!

ቅጂው መዳኑን ለማየት ከፈትኩት። አባባ ያዜማል። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ አሁንም እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ሰደድ አደረጉ። ይኼኔ ቅጂው ላይ አባባ መንዙማውን አቋርጦ፣ ያኔ ሲቀዳ በልጅነቴ ቴፑን ስነካካ የተቆጣኝን ቁጣ፣ "ኧረ እጅህን ሰብስብ!" አለ። ጋሼ ኑረዲን ደንግጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። እኔ እያለቀስኩ ሳቅሁ።

በሚመጣ ሰው ሁለት ፍላሽ እልክልሻለሁ፤ አንዱን አንቺ ያዢ፣ ሌላውን አጎታችን ቤት አስቀምጪ። ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን ሳላሃዲንን ሰላም በይልኝ። ሉባባዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ፍላሹን ልነካካ ካለችሽ አያቷን አሰሚያት።

ወንድምሽ ሱሀይል
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.