ዋስ ያልተጠራበት ውል

ትንቢት፣ ተንቄ ነው የምጽፍልሽ። ሮብ ገበያ ላይ በረዶ አባረረንና ቤተ መጻሕፍት ገባን፤ እኔና ጋሽ ደምለው የሚባሉ የገብስ ጆንያቸውን የታቀፉ ሽማግሌ። እኛ አዳማ ላይ ቤተ መጻሕፍት የምንገባው ዋይፋይ ፍለጋ ነው፤ እዚህ ደጋ አገር ሰው የሚገባው ሊሟገት ነው።

ስለ ሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሚተርክ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁና ገልበጥ ገልበጥ ሳደርግ፣ “ምን ይላል?” አሉኝ። ነጮቹ ከባለመሬቶቹ ጋር መዋዋላቸውን ተረጎምኩላቸው።

“ዋሳቸው ማን ነበር?”

“ዋስ የለም።”

“በሬ ስንገዛ እንኳ ዋስ እንጠራለን! አገር የሚያህል ነገር ያለ ዋስ?”

ውሉን ነጮቹ አፈረሱት። ሌላ ሕዝብ፣ ሌላ ውል። “አሁንስ ዋስ ጠሩ?” አልጠሩም፤ እሱም ፈረሰ። አራተኛው ላይ ጆንያውን ጥለው በቁጣ ብድግ ሲሉ፣ እኔ ሳቄ አመለጠኝ።

ልቤ ተንጠልጥሎ መጽሐፉን ልዋስ ብል፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ዘሪቱ “የአገር ሰው ዋስ ይጥሩ” አለችኝ። ኮራ ብዬ ወደ ጋሽ ደምለው ዞርኩ። ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝና፣ “የእነዚያም አፋቸው ጣፋጭ ነበር” ብለው ጆንያቸውን አንስተው ወጡ።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። የእናትሽን የእማማ የኔአለምን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ለሰፈሩ ሁሉ ሰላም በይልኝ። አምና የወሰድሽብኝን መጽሐፍም መልሺ።

ያለ ዋስ የሰጠሁሽ ጅሉ ጸጋው