ሐምሌ ላይ የተቃጠለው ሳር

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ባሮ ሞልቷል። የተከልከው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። መኪናህን አልሸጥኳትም፤ የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው።

የእጅ ፍሬኗ እንደምታውቀው አይዝም። በራችን ቁልቁለት ላይ ስትቆም ከኋላ ጎማዋ ሥር የምታስገባትን ድንጋይ እኔም ሳስገባ ኖርኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ድንጋይዋ በጭቃው ተንሸራታ መኪናዋ የጎረቤታችንን የኦጁሉን አጥር ገፋች። ልጆች እዚያ የሚጫወቱበት ሰዓት ቢሆንስ ብዬ ደነገጥኩ። ፍሬኑን ራሴ ልሠራው ቆረጥኩ።

በአንተ አሮጌ ጋዜጦች ማንበብ የለመድኩት ሴትዮ የመኪናዋን መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ፍሬኑን የሚስበው ካቦ ላልቶ ነው ብዬ ማጥበቂያ ዳዶውን አጠበቅሁ። እጀታው ጠነከረ፤ መኪናዋ ግን እንደ በፊቱ ተንሸራተተች። እንግዲያው ችግሩ ጎማው ውስጥ ነው ማለት ነው። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፌ የኋላውን በክሪክ አነሳሁ፤ ጎማውን ፈትቼ ከበሮ የሚመስለውን ክዳን በመዶሻ እየነካካሁ አወጣሁ።

ታዴ፣ ይህን ሁሉ ብረት ከቁልቁለት ላይ የሚይዘው ከትንሿ ጣቴ የቀጠነ ሽቦና መዳፍ የማያክሉ የፍሬን ሸራዎች መሆናቸውን አላውቅም ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት። ከዚያ ሸራዎቹ ጠቁረው እንደ መስታወት ሲያብረቀርቁ አስተዋልኩ። ማን እንዳቃጠላቸው አወቅሁ።

መንዳት በለመድኩበት ሰሞን እህትህን ከአውሮፕላን ማረፊያ ሳመጣት የእጅ ፍሬኑን ሳልለቅ ነው እስከ ቤት የነዳሁት። ቤት ስንደርስ አንተ የሚሸተው ጭስ ምንድን ነው ስትለኝ፣ መንገድ ዳር ሳር እያቃጠሉ ነው አልኩህ። ራስህን ነቀነቅህ። ከዚያ ወዲያ ድንጋይዋን ጎንበስ ብለህ ስታስገባ ባየሁ ቁጥር እውነቱ ምላሴ ላይ ይመጣና እመልሰው ነበር። ወገብህን እየያዝክ መነሳት ስትጀምር እንኳ አልነገርኩህም።

አዲስ ሸራ የት እንደሚገኝ ልጠይቅ ኦጁሉ ዘንድ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ምን ትገዣለሽ? ከሾፌር ወንበር ሥር አለ። ታደሰ ገዝቶ ነው ያስቀመጠው» አለኝ። ለምን አልቀየረውም ስለው፣ «አንተን ይጠብቅ ነበር» አለና አማርኛውን አረመ፤ «አንቺን። ራሷ ትነግረኛለች፣ ያን ቀን አብረን እንፈታዋለን፣ አስተምራታለሁ ይል ነበር። የሳሩንም ነገር ነግሮኛል፤ እኛ አገር ሐምሌ ላይ ሳር ይቃጠላል እንዴ?»

ለካ ሐምሌ ነበር። ለካ ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራም ነበር።

ሸራዎቹ በጋዜጣ እንደጠቀለልካቸው ተገኙ። ገጠምኳቸው። መኪናዋን ቁልቁለቱ ላይ አቆምኩ፣ እጀታውን ሳብኩ፣ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ቀስ ብዬ አነሳሁ። ቆመች። ወርጄ በዝናቡ ውስጥ ሳያት ቆየሁ። ይህን ያህል ጊዜ አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣህ እንዴት ይዘህ ቆየህ?

ድንጋይዋን አልጣልኳትም፤ አጥቤ በሩ ሥር አኑሬያታለሁ። እጀታውን በሳብኩ ቁጥር አስብሃለሁ፤ ስትጠብቀው የኖርከውንም እነግርሃለሁ። ሳር አልነበረም ታዴዬ። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።

ያንተ አስካለ