ሃዳስ ያቆየችው አውሮፕላን

እሑድ፣ ማርች 8 ቀን 2009

የቲኬት ቢሮው ጭር እንዳለ ዋለ። ከጠዋት እስከ ቀትር የገባው ሦስት ሰው፤ አንዱ መንገድ ሊጠይቅ። ያፎ መንገድ ለባቡሩ ስለተቆፈረ እኛን ለማግኘት አጥሩን መዞር ያስፈልጋል። ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ አይደለም... ዘንድሮ ዓለሙ ሁሉ ተቸግሯል፣ የሚጓዝ ጠፋ። ለትንሣኤ ወደ ቅድስት አገር የሚመጡት ተሳላሚዎች እንኳ ከአምናው ግማሽ አይሞሉም። በዚህ ሰሞን ኢትዮጵያ ጎዳና ነጭ በነጭ ይሆን ነበር። ዛሬ በመስኮት ያየሁት ሁለት መነኮሳት ብቻ።

በረራም ቀንሷል። የቀረው ደግሞ በሰዓቱ አይነሳም። አንዲት ደንበኛ ደውላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጣ እንደጠበቀች ነገረችኝ። ሰማዩ ባዶ ሆኖ ምንድን ነው የሚጠበቀው ስትል ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

አሥራ አንድ ዓመት ቲኬት ቆርጬ... አላውቅም። እህቴ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆና!

ዓርብ፣ ማርች 13

ከእህቴ ከሃዳስ ጋር ማሃኔ ይሁዳ ገበያ። የወይራ ፍሬ የምንገዛበት ደጅ ሰልፉ አይነቃነቅም። አምና አባትና ልጅ ነበሩ የሚሸጡት፤ ዘንድሮ አባትየው ብቻውን ነው። ቆመን ስንጠብቅ የደንበኛዋን ጥያቄ አነሳሁላት። ወደ ሰውየው ጠቆመችኝ።

ገበያተኛ ቀነሰ ብሎ ልጁን አሰናበተው አለች። ሰዉ ግን ሳምንቱን ተካፍሎ አይመጣም፣ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው። እነሱም መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ እንዲሁ ነው። ሰማዩን ለሁለት ከፍለው የሚጠብቁ ሁለት ጠረጴዛዎች ነበሩ። በረራ ቀነሰ ተብሎ አንዱ ተዘጋ። አሁን በአንድ ሚሽመሬት፣ በአንድ የሥራ ተራ ማለት ነው፣ አንድ ሰው ሁለቱንም ይይዛል። በሁለት ጠረጴዛ ሃያ አውሮፕላን፤ በአንዱ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። የተረፈው መሬት ላይ ይጠብቃል። አዲስ ሰው የሚያሠለጥኑበት ኮርስም ተዘግቷል። አንድ ሰው ለዚያ ወንበር እስኪበቃ ሁለት ዓመት ይፈጃል... ደግ ቀን ሲመለስ ከየት ሊያመጡ?

ይህን ሁሉ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ። ስታወራ ዓይኗ ከሰልፉ አልተነቀለም። ተራችንን የቀማች ሴትዮ ነበረች፤ እኔ አላየኋትም፣ እሷ አየቻት።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ነው በእጄ ይዤ ያመጣኋት። እናታችን ስታርፍ እኔ አሳደግኋት። አሁን እሷ ስታስረዳኝ እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 31

ጋሽ ኤሊያሁ ቢሮ መጡ። ቂርያት መናሔም ሰፈር እኛ ሕንፃ ውስጥ፣ ከእኛ በታች ያሉት። እናታቸው እማማ ሙሉመቤት ጎንደር ታመዋል። በ1991 ወደዚህ ሲመጡ እናትየው ወረቀት አልተሟላላቸውም ተብሎ ቀሩ። አሥራ ስምንት ዓመት... በስልክ ብቻ። ያን ጊዜ ሁሉ ጋሽ ኤሊያሁ ያመጧቸዋል ተብሎ ሲጠበቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሲደውሉ እናትየው "የምነግርህ ነገር አለኝ፣ በስልክ አይሆንም፣ ና" ብለዋቸዋል።

ለእሑድ ቆረጥኩላቸው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተነስቶ አዲስ አበባ አምስት ሰዓት። የጎንደሩ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰፊ ጊዜ አለዎት አልኳቸው። እጄን ይዘው መረቁኝ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 3

ራት ላይ የጋሽ ኤሊያሁን ነገር ለሃዳስ አጫወትኳት። እሑድ ጠዋት ሥራ ላይ ናት። የአይሁድ ፋሲካ ዋዜማ ሳምንት ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል አለች። ጠረጴዛው አሁንም አንድ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አንድ ነው።

ምነው ባልነገርኳት? ወይስ ደግ አደረግሁ?

እሑድ፣ ኤፕሪል 5

ጋሽ ኤሊያሁ ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉ። በሩ ተዘግቷል፣ አውሮፕላኑ ግን ቆሟል። ሦስት ሰዓት ላይ ደግመው ደወሉ። እንደቆመ ነው። ድምፃቸው ተሰባበረ። እኔም የሃዳስን ስልክ ደጋግሜ ሞከርኩ... ዝግ። እዚያ ወንበር ላይ ስትሆን ሁልጊዜ ዝግ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሞከርኩ።

የተነሱት ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ዘግይተው ነው። የጎንደሩ በአሥር ደቂቃ አመለጣቸው። በማግስቱ እንጂ ሌላ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሃዳስ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"የጋሽ ኤሊያሁን አውሮፕላን ያቆየሁት እኔ ነኝ" አለችኝ።

ባንድ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ አውሮፕላን ልነሣ አለኝ አለች። አሥራ ሁለት ተቀበለች፤ ሰባቱን መሬት ላይ አስቀረች። የእሳቸው ስድስተኛ ተራ ላይ ነበር።

እሱን እንኳ ማስቀደም አቅቶሽ ነው ወይ አልኳት። በደንብ ተቆጥቻለሁ።

"እሱን ካስቀደምኩ ሌላውን ላቆይ ነው ጋሼ። ሌላው ውስጥ ያለው ሰው ለምን እንደሚሄድ አላውቅም። የእሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው። ስለማውቅ ላስቀድም?"

ተነሥቼ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 6

አልተነጋገርንም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 7

ጋሽ ኤሊያሁ ከጎንደር ደወሉ። ትናንት ከቀትር በፊት ደርሰዋል። እማማ ሙሉመቤት ዓይናቸው ይከተላል፣ እጅ ይጨብጣሉ... አንደበታቸው ግን ተይዟል። ትናንት ጎሕ ሲቀድ ነው የተያዘው። እሑድ ማታ ድረስ ያወሩ ነበር አሉ ጎረቤቶች። ልጄ መጣ ወይ እያሉ ሲጠይቁ አመሹ።

ለሃዳስ ነገርኳት። መደበቅ ነበረብኝ? በስንት ሰዓት እንደተያዘባቸው ጠየቀችኝና እሑድ ማታ፣ ሰኞ ንጋት... ብላ በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እንዴት ትችለዋለች? እኔ ዛሬ አንድ ቲኬት ሁለቴ ተሳስቻለሁ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 10

እማማ ሙሉመቤት አረፉ። ሳይናገሩ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 19

ቀን የኢትዮጵያ ጎዳናው ቤተ ክርስቲያን የትንሣኤ መዝሙር ቢሮ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ዛሬ ሃዳስን ለሺሙዓ ጠርተዋታል። አለቆች ፊት ቀርባ ስለዚያ ጠዋት መልስ እንድትሰጥ። አንድም ቃል አልነገረችኝም ነበር። የሰማሁት ከሃጊት ነው፤ አብራት የምትሠራ፣ በመኪናዋ ቤት ያደረሰቻት። ሃዳስ ልብስ ስትቀይር ሃጊት ወጥ ቤት ቆማ ሁሉንም ነገረችኝ።

ያን ጠዋት የተራው አለቃ ከኋላዋ ቆሞ አሥራ ስድስት ተቀበይ ብሏታል። እምቢ አለች። አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ፣ ትችያለሽ አላት። ሃዳስ ዞር ሳትል ምን ብትመልስለት ጥሩ ነው?

"ጎበዝ ስለሆንኩ ነው የምቆጥረው።"

ዛሬም ጠየቋት። አሥራ ስድስት ብትቀበዪ ምን ይደርስ ነበር? ምናልባት ምንም አለቻቸው። ታዲያ ለምን አቆየሽ? መልሱ ምናልባት ስለሆነ ነው አለች። እያንዳንዱን የቆመ አውሮፕላን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆመ፣ በቃሏ ቆጠረችላቸው። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆመች አለች ሃጊት። ለምን እንደሆነ ሃጊት አታውቅም። እኔ አወቅሁ።

ሃጊት ያለችኝን እጽፋለሁ፣ እንዳልረሳው። የእኛ ሥራ ጥሩ ሲሆን አይታይም፤ አንድም ሰው ዛሬ አልተጋጨሁም ብሎ አበባ አያመጣም አለች።

እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ አኩርፌያት ነበር። ራቱን እኔ ሠራሁ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ጨው በዝቶበታል አለችኝ። ሳቅን።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 23

ጋሽ ኤሊያሁ ተመለሱ። ለቅሶ ልንደርስ ወረድን። ደረጃው ላይ ነገሩን እኔ እነግራቸዋለሁ አልኳት።

"ያቆየኸው አንተ አይደለህም" አለችኝ።

ቤቱ ሰው ሞልቷል። ባለቤታቸው እትዬ ባንቺአየሁ ወንበር አቀረቡልን። ሃዳስ አልተቀመጠችም። ፊታቸው ሄዳ ቆመች።

"ጋሽ ኤሊያሁ፣ የዚያን ቀን አውሮፕላንዎን ያቆየሁት እኔ ነኝ። እርስዎ እንዳሉበት አውቅ ነበር።"

ጋሽ ኤሊያሁ ቀና ብለው አዩዋት።

"እያወቅሽ?"

"እያወቅሁ።"

ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ አለቃዋ ልናገርላት ስል ክንዴን ያዘችኝ። ምክንያት ልታቀርብ አልመጣችም። ጋሽ ኤሊያሁ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ብዙ ቆዩ። እሷ እዚያው ቆማ ጠበቀች። ሰው ሁሉ እያያት። እኔ ብሆን አልችለውም፣ እውነቴን ነው።

ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። በዚያ ሰዓት ሰማይ ላይ ስንት ሰው ነበር ሲሉ ጠየቋት። ወደ ሁለት ሺህ ይጠጋል አለች። ሁለት ሺህ... ብለው ለራሳቸው ደገሙት። ሌላ አልጠየቁም። ይቅር ብዬሻለሁም አላሉ። ጎናቸው ያለውን ወንበር ሳብ አድርገው፣

"ተቀመጪ ልጄ፤ ቆሞ አይለቀስም" አሏት።

ያኔ ነው ሃዳስ ያለቀሰችው። እማማ ሙሉመቤትን አይታቸው አታውቅም። እንደ አያቷ አለቀሰችላቸው።

እሑድ፣ ሜይ 10

በሺሙዓው ማንም አልተቀጣም፣ ማንም አልተመሰገነም። ግን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በረራ በሚበዛባቸው ጠዋቶች ሁለተኛው ጠረጴዛ ይከፈታል። ኮርሱም በመኸር ይጀመራል። አስተማሪ ማን? ሃዳስ። ለትምህርቱ ካዘጋጀቻቸው ወረቀቶች ሁሉ መጀመሪያ ያወጣችው የዚያን ጠዋት መዝገብ ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት በሱ ልታስተምር ነው። እምቢ የሚባለው እንዴት እንደሆነ።

አንድ ደንበኛ ዛሬ ስለ መዘግየት ጮኸብኝ። አስቀምጬ አስረዳሁት። ወይራ ሻጩን፣ ጠረጴዛውን፣ አሥራ ሁለቱን። መጨረሻ ላይ አንተ ይህን ከየት አወቅህ አለኝ። ከእህቴ አልኩት። ቀና ብዬ።

ሰኞ፣ ጁን 15

ጋሽ ኤሊያሁ ቢሮ መጡ። የእናታቸውን የመቃብር ድንጋይ ሊያቆሙ ይሄዳሉ። ትንሽ ከስተዋል። ቀኖቹን በማሳያው ላይ ዘረዘርኩላቸው። ማክሰኞ አለ፣ ሐሙስ አለ፣ እሑድም አለ። አንዱንም አላዩትም።

"ሃዳስ ሥራ ላይ ያለችበትን ቀን ፈልግልኝ" አሉኝ።

መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ከዚያ ደወልኩላት፤ እረፍት ላይ ነበረች፣ አነሣች። ሐሙስ ጠዋት ገቢ ናት። ለምን እንደጠየቅሁ አልነገርኳትም። ስልኩን ዘጋሁና ሽማግሌውን አየኋቸው።

"ጋሽ ኤሊያሁ... እንደገና ብታቆይዎትስ?"

"ታቆየኝ" አሉ።

ለሐሙስ ቆረጥኩላቸው። የጎንደሩን ለማግስቱ።