ውኃው ሽቅብ እንዲፈስ ስላዘዘው አዲሱ ድረ ገጻችን

ቀን፦ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አላምረው
የጨፌ ቦይ መስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር የዲጂታል አገልግሎት ክፍል ኃላፊ
ቆቦ

ጉዳዩ፦ ስለ አዲሱ ድረ ገጽ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ አቶ አላምረው፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ያለው የአየር ማቀዝቀዣ ሁሉ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የቦዩ ስልሳ አንድ አባላት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከወይዘሮ ሀስና ሽንኩርት በስተቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በቅድሚያ ላስረዳ። በቦያችን እያንዳንዱ ማሳ በየስምንት ቀኑ ለሦስት ሰዓት ውኃ ያገኛል። ተራው ከራስጌው፣ ከአቶ ሙላው ማሳ ይጀምርና ቦዩ እየራሰ ወርዶ በግርጌው፣ በወይዘሮ ሀስና ሽንኩርት ላይ ያበቃል። የሚከፍቱትና የሚዘጉት የውኃ አባታችን አቶ ደጀን ናቸው። ቀድሞ ተራው በወረቀት ሲጻፍ ሁሉም የየራሱን ወረቀት ይዞ ይመጣና ወረቀቶቹ በዱላ ይመሳከሩ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ዋሲሁን የሚባል የሠፈራችን ልጅ ኮዱን መስመር በመስመር በእጁ ጽፎ ድረ ገጽ ሠራልን፤ እኔም በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ 9 ላይ «በድረ ገጹ ከተጻፈው ተራ ሌላ ተራ የለም» የሚል ቃል እንዲገባ አስወሰንኩ። ዱላው በዚያው ቀረ።

ዋሲሁን ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ አንድ ስም ለመለወጥ እንኳ እሱን ማፈላለግ ግድ ሆነ። ይህን ተመልክተው በዚህ ወር መጀመሪያ ድረ ገጹን ኮድ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሊጽፍበት ወደሚችል የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት አዛወሩልን። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይህን የምለው ያለ ምንም አሽሙር ነው፤ ከዚህ በታች ላለው ግን ዋስ አልሆንም።

1ኛ. ስለ ቅደም ተከተሉ። የአዲሱ ሥርዓት ጠባይ በመጨረሻ የተጻፈውን ከሁሉ በላይ ማስቀመጥ ነው አሉ። ለዜና ያምራል። ባለሙያዎችዎ ስልሳ አንዳችንን ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ በአንድ ሲመዘግቡ ውለው ሲጨርሱ፣ ዝርዝሩ ተገልብጦ ወይዘሮ ሀስና አንደኛ፣ አቶ ሙላው ስልሳ አንደኛ ሆነው ወጡ። አንቀጽ 9 አንቀጽ 9 ነውና አቶ ደጀን ጥር 4 ቀን ስልካቸውን አይተው ውኃውን በቀጥታ ለወይዘሮ ሀስና ለቀቁ። ቦያችን ኮምፒውተር ስላልተማረ ዛሬም እንደ ድሮው ቁልቁል ነው የሚፈሰው፤ ስለዚህ ውኃው መላውን ደረቅ ቦይ እያጠጣ እስከ ግርጌው ለመውረድ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጀበት። በእጅ ሰዓቴ ይዤዋለሁ። በቀረው አሥር ደቂቃ ሽንኩርቱ እግሩን ታጠበ፤ ከዚያ ተራው አለፈ። ጥር 12 ቀንም እንዲሁ ሆነ።

ወይዘሮ ሀስናን ያለ አንዳች ማመልከቻ ከመጨረሻ ወደ አንደኛ ስላሳደጉልን ከልብ እናመሰግናለን። እሳቸው ግን ምስጋና ማወቅ ተስኗቸው፣ «ጋሼ መምህር፣ ዕድሜ ልኬን መጨረሻ ሆኜ ሽንኩርት ስሸጥ ኖሬ፣ ዛሬ አንደኛ ብወጣ ሽንኩርት ገዢ ልሆን ነው ወላሂ» ብለውኛል። ቅጠሉ ከጫፉ መቅላት ጀምሯል። ሦስተኛው ዙር ረቡዕ ጥር 20 ቀን ጠዋት ይጀምራል፤ ሽንኩርቱም ሦስተኛ ማዕረግ የሚችል አይመስለኝም።

2ኛ. ስለ ቁጥር 404። የድሮው ገጽ አድራሻ በአባላቱ ስልክ ውስጥና፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ በቀለም፣ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይገኛል። ዛሬ ያን አድራሻ የከፈተ ሰው «404» የሚል ትልቅ ቁጥርና ከሥሩ ገጹ አለመገኘቱን የሚገልጽ ትንሽ ጽሑፍ ያያል። አቶ ሙላው ያለ መነጽራቸው ትልቁን ብቻ አንብበው፣ በወረቀት ገልብጠው ቦይ ዳር መጡና ተራቸው አራት መቶ አራተኛ መሆኑን ለአቶ ደጀን አሳወቁ። ቀጥለው ወይዘሮ ደመቀች ያንኑ ቁጥር ይዘው መጡ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አሥራ ሰባት ሰዎች አራት መቶ አራተኛ ሆነው ተሰልፈዋል። አቶ ደጀንም «ስልሳ አንድ ሰው ባለበት አራት መቶ አራተኛ ከየት መጣ? ዋጃ ድረስ ልናጠጣ ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። እኔ ስሌቱን ሠራሁላቸው፦ አራት መቶ ሦስት ሰው በሦስት ሰዓት ሲባዛ ሃምሳ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። አቶ ሙላው ውሳኔውን በጸጋ ተቀብለው፣ እስከዚያው ብለው ሮቢት ያሉ እኅታቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። እስካሁን አልተመለሱም።

3ኛ. ስለ ሥዕሉ። በፊት ለፊቱ ገጽ የነበረው የቦያችን መዝጊያ ፎቶ ተነሥቶ፣ አራት የማናውቃቸው ወጣቶች ላፕቶፕ ከበው የሚስቁበት፣ ከኋላቸውም በረዶ የለበሰ ተራራ ያለበት ፎቶ ተተክቷል። ስለ በረዶው እናመሰግናለን። ወይዘሮ ደመቀች ከአራቱ የትኛው አዲሱ ሊቀመንበራችን እንደሆነ ጠይቀውኛል። አላውቅም አልኳቸው፤ አላውቅምና።

4ኛ. ስለ ፈቃድ። አሁን ማንም ሊጽፍበት ይችላል በተባለው መሠረት ለአሥራ አንድ ሰዎች፣ እኔንም ጨምሮ፣ የይለፍ ቃል ተሰጠን። ቅደም ተከተሉን ላቃና ብገባ ሰው መሆኔን እንዳረጋግጥ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ ተባልኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ሰውነቴን የተጠራጠረ ተማሪ አልገጠመኝም። ባጃጅ ወይም ግመል ምረጥ ቢለኝ ዓይኔን ጨፍኜ አልፍ ነበር። በአራተኛው ሙከራ ሰው መሆኔ ታምኖልኝ ገባሁና የቅደም ተከተሉን ቦታ አገኘሁት፤ ስጫነው «ይህን ለመለወጥ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል» አለኝ። አስተዳዳሪው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ቀድሞ ዋሲሁንን እናፈላልግ ነበር፣ ዛሬ እርስዎን እናፈላልጋለን። ልዩነቱ ዋሲሁን ስልክ ያነሣል።

5ኛ. «ያግኙን» ስለሚለው ሣጥን። አራት ጊዜ ጽፌበት አራት ጊዜ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብሎኛል። ዋሲሁን ከኮምቦልቻ ሆኖ ሲያየው፣ መልእክቶቹ የሚሄዱት ሥርዓቱ ሲገዛ ለናሙና ተጽፎ ወደመጣ፣ ማንም ወደማይከፍተው አድራሻ ነው። የወይዘሮ ሀስናን ሽንኩርት ጉዳይ ከእርስዎ አስቀድሞ በዓለም ላይ የሌለ ሰው ያውቀዋል ማለት ነው።

የተከበሩ አቶ አላምረው፣ እኔ በዚህ ሁሉ አልተገረምኩም። ስምንተኛ ክፍል ሳስተምርዎ ፈተናውን ከመጨረሻው ጥያቄ ጀምረው ወደ ላይ እየወጡ የሚሠሩ ብቸኛ ተማሪዬ ነበሩ፤ አንደኛው ጥያቄ ላይ ሳይደርሱም ደወል ይደወል ነበር። ያኔ ግን የሚጎዳው የእርስዎ ውጤት ብቻ ስለነበር በዝምታ አልፌዋለሁ። ዋሲሁን እንደነገረኝ ዝርዝሩን ለማቃናት አንድ ቦታ መጫን በቂ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከረቡዕ ጠዋት በፊት ከሥራዎ ብዛት ሁለት ደቂቃ ቢቆርሱልን፣ ወይዘሮ ሀስናን ወደ ቀድሞ ክብራቸው፣ ወደ ስልሳ አንደኛነት እንዲመልሱልን በትሕትና እለምናለሁ።

ቢሮዎ እንደቀዘቀዘ፣ ኔትወርክዎ እንዳልተቋረጠ፣ እርስዎም ከእኛ እንደራቁ በጤና ይሰንብቱ ዘንድ የዘወትር ምኞቴ ነው።

አክባሪዎ
መምህር ጋሹ ሰይድ
በጡረታ ላይ የሚገኝ የሒሳብ መምህርና፣ በአራተኛው ሙከራ የተረጋገጠ ሰው

ግልባጭ፦
ለቦዩ አባላት በሙሉ
ለወፍጮ ቤቱ ግድግዳ
በናሙናው አድራሻ ለሚገኙት ለማይታወቁት ግለሰብ

ማስታወሻ፦ ይህን ፈርሜ ሳበቃ አባላቱ ቦይ ዳር ተሰብስበው በአንቀጽ 9 ውስጥ «ድረ ገጹ» የሚለው ቃል «ሰሌዳው» በሚል እንዲተካ እጅ አውጥተው ወሰኑ። ቤቴ የተቀመጠ አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ ነበረኝ፤ መዝጊያው አጠገብ ሰቅለን ስልሳ አንዱን ስም ከራስጌ እስከ ግርጌ በጠመኔ ጻፍኩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ወይዘሮ ሀስና መጨረሻ መሆናቸውን ሲያዩ እልል አሉ። ስለዚህ ስለ ረቡዕ አይቸኩሉ። ሰሌዳው የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ዝናብ ካልመታው በስተቀርም አይጠፋም። ዝናብ ከመታው ደግሞ ተራ አያስፈልገንም።